ስንት ሰው ልጨምር?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የዶክትሬት ትምህርት ጀምሬያለሁ። በደሴና በኮምቦልቻ ጤና ተቋማት ያሉ ባለሙያዎች የኤሌክትሮኒክ የታካሚ መዝገብን ለምን እንደማይጠቀሙበት ላጠና ነው። ባለሙያዎቹ 620 ናቸው፤ 380ው ሆስፒታል፣ 240ው ጤና ጣቢያ። መጠይቁን ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው የቴክኖሎጂ ተቀባይነት ሞዴል (ሰው ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ጠቃሚና ለመጠቀም ቀላል ሆኖ ሲያገኘው ነው ከሚለው) ወስጄ ወደ አማርኛ መለስኩት። 30 ሰው ላይ ስሞክረው ክሮንባክ አልፋው 0.52 ሆነብኝ። ስንት ሰው ብጨምር ይስተካከላል?

መልስ፦ ሰው ቢጨምሩ አይስተካከልም። አልፋ የሚያሳየው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መናበባቸውን ነው፤ ናሙና ሲበዛ ግምቱ ይጠራል እንጂ ያልተናበበው አይናበብም። የተለመደው መነሻ 0.70 ነው። አልፋውን ያሰሉት ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ (ለጠቃሚነት፣ ለቀላልነት) ለየብቻ ነው ወይስ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቀው? አሉታዊ ጥያቄዎችስ ነጥባቸው ተገልብጧል? በ5 ደረጃ መለኪያ ነጥቡ ከ6 ይቀነሳል።

ይህ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ምናልባት አማርኛው ላይ ነው። «ሲስተሙን መጠቀም አያስቸግረኝም» የሚለውን ይመልከቱ። የሚያስቸግራት ነርስ «አልስማማም» ማለት አለባት፤ በአሉታ ላይ አሉታ። አዳር ተረኛ ሆና ይህን የምትፈታ ብዙ አይደለችም። «ይቀለኛል» ብለው ይጻፉት። ሁለተኛው ወጥመድ «ጠቃሚ ነው» እና «ለመጠቀም ቀላል ነው» ናቸው፤ ከአንድ ግስ ስለወጡ መላሹ አንድ ነገር ሁለቴ የተጠየቀ ይመስለዋል። ሥራውን ራሱን ይጥሩት፦ ለጠቃሚነቱ «የታካሚን የቀድሞ ውጤት ቶሎ ለማግኘት ይረዳኛል»፣ ለቀላልነቱ «አዲስ ታካሚ ያለ ሰው እርዳታ መመዝገብ እችላለሁ»።

ዋናውን እንግሊዝኛ ያላየ ሰው አማርኛውን መልሶ ይተርጉምልዎ። ከዚያ አምስት ስድስት ባለሙያ ፊት ለፊት አስቀምጠው «ይህን ጥያቄ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» ይበሏቸው። እንደገና 30 ሰው ላይ ይሞክሩ፤ እነዚህን ግን በዋናው ናሙና አያስገቡ።

የናሙናው ስሌት አጭር ነው። በየመመረቂያ ጽሑፉ የማይጠፋው የያማኔ ቀመር፣ በ5 በመቶ ስህተት (0.05 × 0.05 = 0.0025)፦ 620 ÷ (1 + 620 × 0.0025) = 243.1፣ ማለትም 244። ከአሥሩ አንዱ መጠይቁን ባይመልስ ብለው በ0.9 ሲያካፍሉት 272 ይደርሳል፤ 167 ከሆስፒታል፣ 105 ከጤና ጣቢያ። ቀመሩ ግን የተሠራው መቶኛ ለመገመት ነው። እርስዎ የሚፈትኑት ዝምድና ስለሆነ በጂፓወር (የናሙና መጠን ማስያ ሶፍትዌር ነው) ያረጋግጡ፤ ለ4 ገላጭ ተለዋዋጮች፣ መካከለኛ ተጽዕኖ (f² = 0.15)፣ አልፋ 0.05 (ይህ የስህተት ገደብ ነው፤ ከክሮንባኩ አልፋ የተለየ) እና ፓወር (ያለውን ዝምድና የማግኘት ዕድል) 0.80 ሲሰጡት 85 ሰው ይላል፤ 272ው ከበቂ በላይ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። «ምን ያህል ይጠቀማሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ስለ ራሱ አሳምሮ ይመልሳል። ስለዚህ ከሥነ ምግባር ኮሚቴና ከተቋሙ ፈቃድ አውጥተው፣ ስምን በኮድ ተክተው፣ የሲስተሙን ሎግ (ማን መቼ ገብቶ ምን እንደሠራ የሚመዘግበውን) ቢያንስ የሦስት ወር ይውሰዱ። አስቀድመው በአንድ የይለፍ ቃል ስንት ሰው እንደሚገባ ያጣሩ፤ አራት ሰው በጋራ የሚሠራበት አካውንት በሎግ ላይ አንድ ትጉ ሠራተኛ መስሎ ይታያል። መብራት የጠፋባቸውንም ቀኖች ይመዝግቡ፤ አለዚያ ጨለማ የነበረው ሳምንት «ባለሙያው አልተጠቀመም» ተብሎ ይቆጠራል።