ከየጎፍ ደን እስከ ሐርቡ ፍል ውሃ፦ በአንድ ቀን ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ አምስት ጓደኛሞች መሆናችሁን፣ ደሴ አድራችሁ በማግስቱ ከአስጎብኚ ጋር በአንድ ቀን በእግር መጓዝ፣ ቢስክሌት መንዳትና ፍል ውሃ መታጠብ እንደምትፈልጉ፣ ጊዜ ከተረፈም የሐይቅ ከተማን ለማየት እንዳሰባችሁ ጽፋችኋል። ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው፤ ይህንኑ ጉዞ ከጓደኞቼ ጋር አራት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሦስቱ ነገሮች በአንድ ቀን ይሞላሉ፤ ሐይቅ ግን አይጨመርም። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲገኝ ፍል ውሃው ያለበት ሐርቡ ደግሞ ከኮምቦልቻ አልፎ በስተደቡብ ነውና፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ልድረስ ያለ ሰው ቀኑን በመኪና ወንበር ላይ ይጨርሰዋል።

የቀኑን ቅደም ተከተል የሚወስነው የአገሩ ቁልቁለት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ሐርቡ ደግሞ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በ1,000 ሜትር ዝቅታ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ ጠዋት ደሴ ላይ ጋቢ ያስለበሰ ብርድ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻና ሐርቡ ባሉበት በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ፈጽሞ ይረሳል። ስለዚህ አቀበቱን በማለዳ በእግር፣ ሜዳውንና ቁልቁለቱን ከቀትር በኋላ በቢስክሌት፣ ፍል ውሃውን ደግሞ በመጨረሻ አድርጉት።

እኛ በመጀመሪያው ጉዟችን ይህን ገልብጠነው ነበር። የያዝነው አስጎብኚ ከሌላ አካባቢ የመጣ ስለነበር በቀጥታ ወደ ፍል ውሃው ወሰደን፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ተዘፍዝፈን ከወጣን በኋላ በቀትር ፀሐይ ቢስክሌት ላይ ወጣን። ከመካከላችን አንዱ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ዓይኑ ጨለመበትና ግራር ሥር አስተኝተን ውሃ እያጠጣን ሁለት ሰዓት ቆየን። ሙቅ ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰውነትንም በላብ ያደርቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ከባድ እንቅስቃሴ ራስን ሊያስት እንደሚችል የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

ከደሴ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ በመኪና ተነሡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ በቢስክሌት እንዳትሞክሩት አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ኩርባው የበዛ፣ ጉም የሚያዘወትረው፣ ከባድ መኪና የማይለየው መንገድ ነው። የእግር ጉዞውን ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የጎፍ ደን ውስጥ አድርጉ። ጥዱና ወይራው ጥላ ስለሚሰጥ በሦስት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሳትደክሙ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

ምሳ ኮምቦልቻ ብሉ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩልም ዕረፉ። የአካባቢው አስጎብኚ ሙስሊም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ ይህ ዕረፍት ዙህር ለመስገድም ይመቸዋል። ለጁምዓ ሲሉ ዓርብን ባትመርጡ ደግ ነው፤ በረመዳንም ጾመኛ አስጎብኚን በፀሐይ ማስሮጥ አይገባም።

ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ በአስፋልቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዚህ ቀን ውበት ያለው ግን ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ በእርሻው መካከል በሚያልፈው የገጠር መንገድ ላይ ነው። በጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቁ ታያላችሁ። ጥንቅሽ ቆርጦ የሚሰጣችሁ ገበሬ አይጠፋም፤ ወርዳችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ተቀመጡ፣ አትቸኩሉ። እኔ ከጉዞው ሁሉ የምናፍቀው ይህንን ነው። ማሳ ውስጥ ግን ቢስክሌት አታስገቡ፤ በድንበሩ ላይ ግፉት። በክረምት ይህ መንገድ አይታሰብም፤ መረሬው አፈር ጎማው ላይ ተለጥፎ መሽከርከር ያስከለክለዋል፣ በሸለቆው ውስጥ ያለው የጨፋ ሜዳም በውሃ ይተኛል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ይሻላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። የግራር እሾህ ስለማይምር ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና መንፊያ ያዙ፤ ገጠሩ መካከል ጎሚስታ የለም።

ቦርከና ሸለቆ ከአፋር ዝቅታ ዳር ያለ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ የሰመጠበት ቦታ ነው፤ ፍል ውሃውም በስንጥቁ ወርዶ ከሞቀ በኋላ የሚመለስ ውሃ ነው። ከሚፈልቅበት ዓይን አጠገብ እግር አታስገቡ፤ ሰው የሚታጠብበት በረድ ያለ ቦታ የት እንደሆነ አስጎብኚው ያሳያችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ዐርፋችሁ ውሃ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በላይም አትቆዩ። ውሃው በአፍንጫ እንዳይገባ ጭንቅላታችሁን አትንከሩ፤ በሞቀ ወንዝና ምንጭ ውስጥ በአፍንጫ ገብታ ለሞት የምታደርስ ረቂቅ ተሕዋስ ልትኖር ትችላለች፣ አደጋው እጅግ ብርቅ ቢሆንም። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመምተኛ ካላችሁ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ከእናንተ ጋር የሚታጠቡት ለቁርጥማትና ለቆዳ ሕመም ፈውስ ፍለጋ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። እኛ በሄድንባቸው ቀናት ወንዶችና ሴቶች የሚታጠቡት ለየብቻ ነበር፤ ስለዚህ ተራችሁን ጠብቁ፣ ልብሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሡ።

ከሐርቡ 11 ሰዓት ሳይሞላ ተነሡ፤ ሐረጎን በጨለማ አትውጡ። መኪናው ከኮምቦልቻ ጀምሮ በአስፋልቱ ይከተላችሁ፤ የደከመ ሰው ይሳፈርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት የመንገዱ ሁኔታ ከቀን ቀን ይለያያልና፣ በዋዜማውም በማለዳውም አስጎብኚውንና ሾፌሩን ጠይቁ፤ ከመካከላቸው አንዱ ካመነታ ጉዞውን ለሌላ ቀን አስተላልፉት። አስጎብኚውን ስትመርጡ የሐርቡን ወይም ሐርቡ የምትገኝበትን የቃሉ ወረዳ ሰው ምረጡ፤ ገበሬዎቹን በስም የሚያውቅ መሆኑን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛ ቀን ካገኛችሁ ሐይቅን ያን ጊዜ እዩት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶችን ስለማያስገባ ሴቶች ካላችሁበት ከሐይቁ ዳር ሆናችሁ የምትቆዩበትን ጊዜ አብራችሁ አስቡ።