«ከ70 በላይ» ሲባል 70 ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። በአንድ መልመጃ አማካዩ 60፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን) 8 የሆነ ኖርማል ሥርጭት (በደወል ቅርጽ ኩርባ የሚሳል ሥርጭት) ሰጥቼ «ውጤቱ ከ70 በላይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ አንዲት ተማሪ «70 ራሱ ይቆጠራል ወይ?» አለችኝ። «ቢያንስ 70» ብል ኖሮ ይለይ ነበር?

መልስ፦ በአማርኛው ይለያል። «ከ70 በላይ» 70ን ራሱን አይጨምርም፤ የፒያሳ ታክሲ ረዳት «ከ12 ሰው በላይ አልጭንም» ቢል (ቢል ነው እንግዲህ) 12ኛው ሰው ይሳፈራል፣ የሚቀረው 13ኛው ነው። «ቢያንስ 70»፣ «ከ70 ያላነሰ» እና «70 እና ከዚያ በላይ» ግን 70ን ያካትታሉ። በታችኛውም በኩል «70 ያልሞላ» 70ን ሲያስወጣ «ከ70 ያልበለጠ» እና «ቢበዛ 70» ያስገቡታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ሰው 18 ዓመት ያልሞላው በማለት መተርጎሙ፣ 18 የሞላውን ሰው በተመለከተ ጥርጣሬ እንዳይኖር ያደርጋል። የሚያስቸግረው «እስከ 70» ነው፤ አንዳንዱ ሰሚ 70ን ጨምሮ፣ አንዳንዱ ሳይጨምር ስለሚረዳው ለፈተና ጥያቄ አልመክረውም።

ተማሪዎ ያነሣችው ጉዳይ ግን ከሰዋስው ያልፋል። በኖርማል ሥርጭት ዕድል የሚለካው ከኩርባው ሥር ባለው ስፋት ስለሆነና አንዲት ነጥብ ብቻዋን ስፋት ስለሌላት፣ ውጤቱ በትክክል 70 የመሆን ዕድሉ ዜሮ ነው፤ በመሆኑም ሁለቱ አነጋገሮች ወደ አንድ ስሌት ያደርሳሉ። ከ70 ላይ 60 ተቀንሶ ለ8 ሲካፈል ዜድ ስኮሩ (ውጤቱ ከአማካዩ በስንት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን እንደሚርቅ የሚያሳየው ቁጥር) 1.25 ይሆናል፤ ከኩርባው ሥር ያለውን ስፋት ከግራ ጀምሮ የሚደምረው የተለመደው የዜድ ሠንጠረዥ በ1.25 አንጻር የሚሰጠው 0.8944 ነው። ይህ ቁጥር የ«ያልበለጠ» ዕድል እንጂ የ«በላይ» ዕድል ስላልሆነ ከ1 ላይ ቀንሰን 0.1056 እናገኛለን። በቃል ሲነገር «10.56 በመቶ» ማለት ይቻላል፤ «0.1056 በመቶ» የሚለው ግን ዕድሉን መቶ ጊዜ ያሳንሰዋል።

ልዩነቱ ተመልሶ የሚመጣው ፈተናው በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚታረም ሆኖ ኖርማል ሥርጭቱ ለግምት ያህል ሲወሰድ ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሙሉ ቁጥር በግራና በቀኝ ግማሽ ግማሽ ነጥብ ስለሚይዝ፣ «ቢያንስ 70» ከ69.5 ይነሣል፤ ዜድ ስኮሩ ወደ 1.19፣ ዕድሉም ወደ 0.1170 ይጠጋል። «ከ70 በላይ» ደግሞ ከ70.5 ስለሚነሣ ዜድ ስኮሩ ወደ 1.31፣ ዕድሉ ወደ 0.0951 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው 0.0219 በትክክል 70 የሚያመጡት ተማሪዎች ድርሻ ነው፤ ይህን ድርሻ የሚያስገባውም የሚያስወጣውም የጥያቄው አማርኛ ብቻ ነው።

ስለዚህ በመልመጃዎ ላይ «70 እና ከዚያ በላይ» ወይም «ከ70 የበለጠ» ብለው ይለዩ፤ ውጤቱ በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ።