«ሴቶች ይበረታታሉ» ከተባለ እኔ ለምን ላመልክት?

ወንድሜ፣ አራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ» የሚል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አይተህ «ታዲያ እኔ በከንቱ ልልፋ?» ብለሃል። በከንቱ አይደለም፤ አመልክት።

ሕጉ ቦታውን ለማንም ቆርጦ አልሰጠም። የ1999ኙ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ቅድሚያ የሰጠው እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ላመጡ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ተዋጽኦአቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ነው። በኋላ የተተካው የ2010ሩ አዋጅ 1064ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሎ ነበር። በእነዚህ አዋጆች በሰፊ ነጥብ የበለጠ ሰው በዚህ ምክንያት አይጣልም ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ያንኑ ቃል ለጥፎ ፈተናውን አራተኛ ፎቅ ላይ አደረገው። ሊፍቱ አይሠራም። በክራንች የመጣች ልጅ ደረጃው ሥር ቆማ ስትጠብቅ ወረቀቱን ይዞ የሚወርድላት አንድ ፈታኝ ጠፋ! አዋጅ ቁጥር 568/2000 እኮ አሠሪው፣ የግል ድርጅትም ቢሆን፣ ለአካል ጉዳተኛ ሁኔታዎችን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ልጅቷ ቅድሚያ አልጠየቀችም። መፈተን ነው የፈለገችው።

ለብሔር ተዋጽኦ የሚሰጠው ቅድሚያ ላይ ስጋት ካለህ ግን ይገባኛል። ነጥብ በግልጽ ካልተለጠፈ ዘመድ መቅጠሪያ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ ውጤት ሲወጣ የጽሑፍና የቃል ፈተና ነጥብህን ለያይተው እንዲያሳዩህ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ቅሬታህን በጽሑፍ አስገባ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትተህ ያዝ።