«ሩቅ አገር ለሚያልቀው ሕዝብ ሌላው ምን አገባው?»

ጥያቄ፦ ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። እኔ የምለው፣ መንግሥት ተጠያቂነቱ ለገዛ ዜጎቹ ነው። ሩቅ አገር ዘር ማጥፋት ተፈጸመ ሲባል ያሳዝናል፣ ግን ግዴታ አለበት ማለት ይከብደኛል። ደግሞስ ዘር ማጥፋት መሆኑን ማን ያረጋግጣል? ስደተኛውንስ ማን ይችለዋል?

መልስ፦ ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ነው በግልጽ የጻፉልን። እኔ ግን አልስማማም።

ከመሀለኛው ጥያቄዎ፣ ማን ያረጋግጣል ከሚለው ልጀምር፣ ብዙ ሕይወት ያስከፈለው እሱ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ሩዋንዳ ውስጥ በ100 ቀን 800,000 ያህል ሰው አለቀ። ግድያው በተጀመረ በሁለት ሳምንቱ የፀጥታው ምክር ቤት፣ 2,500 ያህል የነበረው የሰላም አስከባሪ ጦር ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። እንዲቀንስ! የአሜሪካ ባለሥልጣናት ደግሞ «ዘር ማጥፋት» የሚለውን ቃል ለሳምንታት ሸሹት፤ ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ አንድ ነገር አድርጉ መባላቸው አይቀርምና። ሲጣራ ሰው ያልቃል።

ሕጉም ቢሆን ጠብቁ አይልም። የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት አገሮችን ያስገባቸው ቃል መቅጣት ብቻ ሳይሆን መከላከልም ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2007፣ ቦስኒያ ሰርቢያን በዘር ማጥፋት በከሰሰችበት ጉዳይ ሲፈርድ፣ ግዴታው የሚጀምረው አንድ መንግሥት ከባድ አደጋ መኖሩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ ነው ብሏል። ደግሞ ሁሉም እኩል አይጠየቅም፤ በገዳዮቹ ላይ ይበልጥ ተሰሚነት ያለው ይበልጥ ይጠየቃል። መሣሪያ የሚሸጥ፣ ገንዘብ የሚሰጥ፣ ጎረቤት የሆነ።

ዜጋ ይቅደም ላሉት እሺ፣ ይቅደም። «መጀመሪያ» ማለት ግን «ብቻ» ማለት አይደለም።

ስደተኛውን በተመለከተ፣ በ1938 የ32 አገሮች ተወካዮች ኤቪያን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ተሰብስበው ከናዚ ስለሚሸሹት አይሁዶች መከሩ። አዘንን አሉ፣ ከጥቂቶች በቀር በሩን የከፈተ የለም። በማግሥቱ ዓመት ሴንት ሉዊስ የተባለችው መርከብ ከ900 በላይ ሰዎች ይዛ ኩባም አሜሪካም ካናዳም አልቀበልም ስላሏት ወደ አውሮፓ ተመለሰች። ከተሳፋሪዎቿ 254ቱ ኋላ በናዚዎች እልቂት ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ጦር ይላክልን አላሉም፣ የለመኑት መውረጃ ብቻ ነበር። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ማንንም ሕይወቱ ወደሚያሰጋው አገር አትመልሱ የሚለው እንዲህ ያለውን ታሪክ ካየ በኋላ ነው።

ማን ይችለዋል ላሉት ደግሞ፣ አብዛኛውን ስደተኛ ዛሬም ያስጠለሉት ሀብታሞቹ አይደሉም። ከ2017 ነሐሴ ወዲህ ከምያንማር የሸሹትን ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች (የምያንማር ሙስሊም አናሳ ሕዝብ) የተቀበለችው ባንግላዴሽ ናት። ምያንማርን በ2019 በዘር ማጥፋት የከሰሰችውም ትንሿ ጋምቢያ ናት፣ ያውም ከአፍሪካ ጫፍ ሆና። ያው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በማግሥቱ ዓመት ሮሂንጋዎቹ እንዲጠበቁ ምያንማርን አዟል። ትእዛዙ ስደተኞቹን ወደ ቤታቸው አልመለሳቸውም፣ ይህን አልደብቅዎትም። ጋምቢያ ግን ወታደር ሳትልክ፣ በአቅሟ፣ ጠበቃ ልካለች።