የኩላሊት እጥበት ማሽን ቤት ይተከላል ወይ?

ጎንደር ማራኪ ሰፈር የምትኖሪው እህታችን፣ አባትሽ በሳምንት 3 ጊዜ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይመላለሳሉ። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ያገለገለ ማሽን ልግዛና ልላክ ስላለ፣ ቤት ይተከል እንደሆነ ጠይቀሻል።

የሕክምና መሣሪያ የምጠግን ሰው ነኝ፣ በግልጽ ልንገርሽ፦ ብሩን ለጊዜው ይያዘው።

ከማሽኑ ይልቅ የሚከብደው ውሃው ነው። የተለመደው ማሽን በደቂቃ ግማሽ ሊትር የእጥበት ፈሳሽ ያሳልፋል። በ4 ሰዓት 120 ሊትር የተጣራ ውሃ ማለት ነው፣ ማጣሪያው የሚደፋው ሳይቆጠር። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅሽ ሮቶ ብትሞዪ እንኳ ጥራቱ ሌላ ጣጣ አለው። ስንጠጣው ምንም የማያደርገን ክሎሪን በእጥበት በኩል ደም ውስጥ ሲገባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል። እንደ አንገረብ ያለ የግድብ ውሃ ክረምት ላይ ሲደፈርስ ለማጥራት አሉም የሚባል ኬሚካል ሊጨመርበት ይችላል፤ ከዚያ የሚተርፈው አሉሚኒየም ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም አጥንትና አእምሮ ይጎዳል። ማፍላት አያወጣውም። የመጠጥ ውሃ ፊልተርም አይበቃም። የካርቦን ማጣሪያ፣ ከሱ ቀጥሎ አርኦ (ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) የግድ ነው፣ ክሎሪኑም ከእጥበት በፊት ሁሌ ይለካል። እዚህ ላይ «ግድ የለም» የሚልሽን ሰው አትስሚው።

መብራቱስ? የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 220 እና 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ስለዚህ ወንድምሽ ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለውን የቮልትና የኸርዝ ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። በእጥበት መሀል መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ካለቀ፣ ደሙ ቱቦ ውስጥ ሳይረጋ ፓምፑን በእጅ እያዞረ ወደ አባትሽ የሚመልስ የሠለጠነ ሰው አጠገባቸው መኖር አለበት።

ለቤት የተሠሩ ማሽኖች አሉ። ኔክስስቴጅ ሲስተም ዋን በ2005 አሜሪካ ውስጥ ለቤት ተፈቀደ፣ በጣም ያነሰ ፈሳሽ ይበቃዋል። በ2020 የተፈቀደው ታብሎ ውሃውን ራሱ ያጣራል። ጥሩ ናቸው፣ ግን የራሳቸውን ካርትሪጅ (እየተጣለ የሚተካ የቱቦ ስብስብ) ይፈልጋሉ፣ እሱ ሲያልቅ ማሽኑ ዕቃ ሆኖ ይቀመጣል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው በሆድ በኩል ስለሚደረገው እጥበት ነው። ብዙውን ጊዜ 2 ሊትር ፈሳሽ በቀን 4 ጊዜ ይቀየራል፣ በእጅ ሲሠራ መብራት አያስፈልገውም። እጅ በደንብ ካልታጠበ ግን ሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ይገባል። ለሳቸው ይሆን እንደሆነ፣ በወር ወደ 240 ሊትር የሚሆነው ፈሳሽ ሳይቋረጥ ከየት እንደሚገኝም ሐኪማቸውን ጠይቂ። እስከዚያ የሆስፒታሉን እጥበት አንድም ቀን እንዳያስቀሩ።