በፋር ክራይ ፕራይማል አንዱ እንስሳ ሌሎቹን ሲያስረሳ

ጤና ይስጥልኝ። አውሬ እያላመዱ ስለሚዋጉበት የቪዲዮ ጨዋታ ስለ ፋር ክራይ ፕራይማል፣ «ባለ ሰይፍ ጥርሱን ነብር ካላመድኩ በኋላ ሌሎቹን የምጠራበት ምክንያት አጣሁ፤ ጉልበቱን መቀነስ አይሻልም ነበር?» ሲሉ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት መፍትሔው እርሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ የሚመራው ገጸ ባሕርይ ታካር ከጉጉት ወፉ ሌላ በአንድ ጊዜ የሚያስከትለው አንድ እንስሳ ብቻ ስለሆነ፣ ምርጫው ትርጉም የሚኖረው እያንዳንዱ እንስሳ ሌላው የማይሠራውን ሥራ ሲሠራ ነው። ጃጓር ድምፅ ሳያሰማ ይገድላል፤ ድብ የጠላትን ትኩረት ወደ ራሱ ይስባል፤ ባጀር የተባለው ትንሹ አውሬ ደግሞ (ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው) ወድቆ ራሱ ይነሣል።

እንግዲህ የጎደለው የሽንፈት ዋጋ ይመስለኛል። የቆሰለው በሥጋ፣ የሞተው በቀይ ቅጠል ስለሚመለስና ሁለቱንም ጨዋታው በሚካሄድበት በኦሮስ ምድር ማግኘት ስለማያስቸግር፣ ተጫዋቹ ኃይለኛውን እንስሳ በየውጊያው ቢማግደው የሚቆጨው ነገር የለም። እኔ ብሆን ጉልበቱን ሳልነካ፣ የወደቀው እንስሳ እስከ ማግስቱ ሌሊት እንዳይጠራ አደርግ ነበር፤ ያን ጊዜ ተጫዋቹ ሳይወድ በግድ ተኩላውንና ጃጓሩን መልመድ ይጀምራል።

አርክ ሰርቫይቫል ኢቮልቭድ የተባለው ሌላ ጨዋታ ይህንኑ ጉዳይ በሥራ ክፍፍል ይዞታል፦ ቲ ሬክስ የተባለው ኃይለኛ ዳይኖሰር ያለው ተጫዋች እንኳ ብረት በብዛት ለማውጣት አንኪሎሳውረስን፣ ድንጋይ ለመሰብሰብ ዶዲኩረስን ማላመድ ይበጀዋል። በፕራይማል ግን ከውጊያ ውጭ ለእንስሳቱ የተተወው ሥራ ጥቂት ነው።