ማንም በማያይበት ሰዓት ስለሚሠሩ ሥራዎች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በዚህ ሙያ ስትቆዩ ብዙው የሰርቨር ሥራ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ የሚከናወን መሆኑን ትረዳላችሁ። የዳታቤዝ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፣ የአሮጌ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ጽዳት፣ የሰርተፊኬት እድሳት፣ ሁሉም ለክሮን፣ ማለትም የተሰጠውን ትእዛዝ በተወሰነለት ሰዓት ራሱ ለሚያስነሣ ፕሮግራም፣ ተሰጥተው በሌሊት ያልቃሉ። ለክሮን የሚጻፈው መስመር ቀላል ነው፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን፣ ከዚያም ትእዛዙ። እኔን የሚያሳስበኝ ሥራው ሳይሠራ የቀረ ዕለት በምን እንደምታውቁ ነው።

የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ በዝርዝር ለሕዝብ ስለገለጸ ከዚያ መማር ይቻላል። አንድ መሐንዲስ የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች በስህተት ካጠፋ በኋላ ባክአፕ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር 9.6 ስሪት ሲሆን ባክአፕ የሚያደርገው ፕሮግራም ግን የ9.2 ስሪት ስለነበረ፣ በተነሣ ቁጥር በስህተት ይቆም ነበር። ክሮን በበኩሉ ስህተቱን በኢሜይል ያሳውቅ ነበር፤ ነገር ግን መልእክቶቹ የላኪ ማረጋገጫ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ ስላደረጋቸው ለማንም አልደረሱም። የተረፈው ከጥፋቱ 6 ሰዓታት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጂ ነበር።

ስለዚህ "ሲበላሽ ይነገረኛል" ብላችሁ አትተኙ፤ የሚነግራችሁም ነገር ሊበላሽ ይችላልና። ሥራው በተሳካ ቁጥር ለሌላ ሰርቨር "ጨርሻለሁ" ብሎ ያመልክት፣ ያ ምልክት በሰዓቱ ካልመጣ ደግሞ ማንቂያው ይጩህ። ባክአፑንም አልፎ አልፎ በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ተከፍቶ የማያውቅ ባክአፕ በእኔ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

በእጃችሁ ስትሞክሩት የሠራ ትእዛዝ በክሮን ላይሠራ ይችላል። ክሮን እናንተ የምታገኟቸውን የፕሮግራም ማውጫዎች ሁሉ ስለማያውቅ ሙሉ አድራሻ መጻፍ ይገባል። በባክአፑ ስም ላይ ቀን ለመጨመር የፐርሰንት ምልክት ብትጽፉ ደግሞ ክሮን እንደ አዲስ መስመር ስለሚያነበው ትእዛዙን እዚያው ይቆርጠዋል። ትእዛዙን በስክሪፕት (ትእዛዞች ተጽፈው በሚቀመጡበት) ፋይል አስቀምጣችሁ ክሮን ፋይሉን ብቻ እንዲጠራ ብታደርጉ ከዚህ ትገላገላላችሁ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሰዓት ነገር ለብቻው ይታይ። ብዙ ሰርቨሮች በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ስለሚቆጥሩና የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሌሊቱ 3) ማለት በክሮን የሰዓት ቦታ ላይ ዜሮ ነው። ባለማስተዋል 9 ብትጽፉ ያ ከባድ ባክአፕ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ተጠቃሚው ተጨናንቆ ሳለ ይነሣል፤ ሥራው ስለተሳካም የስህተት መልእክት አይኖርም።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወራት ስለሆነ "በየወሩ 1" ብትሉት የእኛን ወር መግቢያ አያገኝላችሁም። የበጀት ዓመታችን የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ይውላል፤ መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ነው፤ ጳጉሜንም አለች። ስለዚህ የወር መዝጊያ ሪፖርት የሚያወጣው ስክሪፕት በየቀኑ ይነሣና ዕለቱ በእኛ አቆጣጠር የወር መባቻ መሆኑን ራሱ ይመርምር። ባልሆነበት ዕለትም "ዛሬ አይደለም" የሚል መስመር በሎጉ ላይ ይተው፤ ያን መስመር ካጣችሁ ስክሪፕቱ መቆሙን ሐምሌ 1 ሳይደርስ በማግስቱ ጠዋት ታውቃላችሁ።